መጀመሪያ ቡናው የት እንደሚፈላ ንገሩኝ

ቤታቸውን ሊያስጨርሱ የተነሱ ሰዎች ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሴራሚክ ይሻላል ወይስ ፓርኬ?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ። «ቡና የምታፈሉት የት ነው?»

ብዙዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። ቡናው ሳሎን የሚፈላ ከሆነ ወለሉ ላይ ፍም ይወድቃል። ስኒ ሲለቀለቅ ውሃ ይፈስሳል። በዓል ሲሆን ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ እንደ ረጠበ እዚያው ያድራል። ቡናው በሙቀጫ የሚወቀጥ ከሆነ ደግሞ ወለሉ በየቀኑ ይደበደባል። እሳት፣ ውሃ፣ ዱላ። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሲያብረቀርቅ ያያችሁት ናሙና ይህን ሁሉ አላየም።

ቤት በማጠናቀቅ፣ ፊኒሺንግ በምንለው ሥራ፣ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ብዙ ወለል አንጥፌያለሁ፤ የተበላሸ ወለልም ብዙ አንስቻለሁ። ሳነሳ የማገኘው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከሥሩ ያለውን ማንም ሳያየው ተነጥፏል፣ ወይ ለዚያ ቤት አኗኗር የሚሆን አልነበረም። ውድ ዕቃ ገዝተው ለሁለተኛ ጊዜ የከፈሉ ሰዎችን ሳይ በጣም አዝናለሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ከሥር ያለው

አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ እስከ አቃቂ ባለው ሜዳማ ክፍል መሬቱ በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። ይህ አፈር ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። በመጋቢት ባዶ ቦታ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያችሁ ሰዎች የምለው ይገባችኋል። ወለል በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ ከተሠራ፣ አፈሩ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ይኖራል። ይህን የሚችል ሴራሚክ አልተሠራም።

ስለዚህ መሬት ላይ የሚያርፍ ቤት ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከቁፋሮ ነው። መረሬው ወጥቶ በማያብጥ አፈር ይተካል። በደንብ ይጠቀጠቃል። ከዚያ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ ይነጠፋል። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይሞላል። በድንጋዩና በኮንክሪቱ መካከል ወፍራም ፕላስቲክ ማንጠፍ ዋጋው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት ያግዳል። ይህ ፕላስቲክ የተረሳበት ቤት ላይ ፓርኬ ማንጠፍ ገንዘብን ረግረግ ላይ መበተን ነው።

ቤቱ ተሠርቶ የገዛችሁት ከሆነስ? ሥሩን ማየት አትችሉም፤ መፈተን ግን ትችላላችሁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የሚያሳይ ፕላስቲክ ቁረጡ። ወለሉ ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። ማታ አድርጋችሁ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ግለጡት። ፕላስቲኩ ከሥር ላብ ካወጣ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበት አለ ማለት ነው። እንጨት ለጊዜው ይቆይ። ፈተናውን በክረምት ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ እውነቱን ይነግራችኋል።

አዲስ ወለል ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። መጠንከርና መድረቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ስላለ ነው። ውሃውና ሲሚንቶው ተዋህደው ነው ድንጋይ የሚሆኑት። ለዚህ ነው አዲስ ወለል ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት ያለበት። ኮንክሪት የሚጠበቅበት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። መድረቅ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የተረፈው ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል። በልምድ የሚያዘው ስሌት በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ልስን ወደ 50 ቀን ይፈልጋል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። ሴራሚክ ይህን ያህል አይጠብቅም። ፓርኬና እንጨት መሳዩ ላሚኔት ግን ይጠብቃሉ። «ለበዓል ካልደረሰልኝ» የሚለው ጥድፊያ ብዙ ፓርኬ አበላሽቷል።

ኮንዶሚኒየም ለተረከባችሁ ደግሞ ሌላው ጉዳይ ውሃ ልክ ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ወለሉ ላይ በየአቅጣጫው አጋድሙ። ከሥሩ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ላሚኔት ከመነጠፉ በፊት መስተካከል አለበት። አለበለዚያ በሄዳችሁ ቁጥር እየሰመጠና እየተነሳ መጋጠሚያው ይሰበራል።

ሊሾን አትናቁ

ሊሾ ሲባል ብዙ ሰው የድህነት ምልክት ይመስለዋል። እኔ ያደግሁት ቀይ ሊሾ ላይ ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም ትቀባው ነበር። እኛ ልጆቹ አሮጌ ብርድ ልብስ እግራችን ላይ ጠቅልለን ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተትን እናወዛው ነበር። ያ ወለል ዛሬም አለ።

ከአፈር ወለል ወደ ሊሾ መሸጋገር በጤና በኩል ትልቅ ለውጥ ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል ሞቃትና ለስላሳ ነው፤ ያን አልክድም። ግን ሙጀሌና ቁንጫ የሚራቡበት ደረቅ አፈር ነው። የሚድህ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በኮዋዊላ ግዛት «ፒሶ ፊርሜ»፣ ማለትም «ጽኑ ወለል»፣ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። መንግሥት የአፈር ወለል ላላቸው ችግረኛ ቤተሰቦች ሲሚንቶ አቀረበ። በኋላ ተመራማሪዎች የእነዚህን ቤቶች ልጆች ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ የሆድ ትላትል፣ ተቅማጥና የደም ማነስ በጣም ቀንሶ አገኙት። ገጠር ላሉ ወላጆቻችሁ ቤት የምታድሱ ከሆነ፣ ከቆርቆሮው ቀለም በፊት ወለሉን አስቡ።

ጥሩ ሊሾ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። አሸዋው ጭቃ ካለው ወለሉ ዱቄት እያወጣ ይኖራል። ውሃ ማብዛት ለሠራተኛው ይቀልለዋል፤ ወለሉን ግን ያሰነጥቀዋል። ቀዩ ቀለም የብረት ዝገት ዱቄት ነው፤ ላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ከሲሚንቶው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ፀሐይ አያስለቅቀውም። ሰፊ ክፍል ከሆነ በየሁለት ሦስት ሜትሩ መስመር አስቆርጡ። ሲሚንቶ ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም፤ ስንጥቁ በመስመሩ ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ በጆንያ ሸፍናችሁ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

ሴራሚክ፣ ፖርስሊን እና የሌሊቱ ስልክ

ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ሴራሚክ ይባላሉ። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ፖርስሊን ከደቀቀ ሸክላ ተጨምቆ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኮሳል። ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥጥ ይችላል። ሻጩ ምንም ቢላችሁ በራሳችሁ ፈትኑት። ሰሌዳውን ገልብጡና ጀርባው ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተቀምጦ ከቆየ ፖርስሊን ነው። ዐይናችሁ እያየ ተመጥጦ ጀርባው ከጠቆረ ለግድግዳ ይሁን። የግድግዳውን ወለል ላይ ማንጠፍ በአንድ የወደቀ ድስት መሰነጠቅ ነው።

ካርቶኑን አንብቡ። «ፒኢአይ» የሚል ጽሑፍ አጠገብ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ካለ፣ የላይኛው መስታወት መሰል ሽፋን መፋቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል። ለሳሎንና ለኮሪደር 3 ወይም 4 ይበቃል። «አር» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ከ9 እስከ 13 ያለው ቁጥር ደግሞ ስለ ማንሸራተት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ወለሉ ይይዛል። ለመታጠቢያ ቤትና ለበረንዳ ከ10 በታች አትግዙ። በሳሙና ውሃ የረጠበ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ወለል ላይ አንዲት አያት ከወደቁ ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የውበት ጉዳይ የለም።

ካርቶኑ ላይ የቀለም ቁጥርም አለ። አንድ ዓይነት ሞዴል በሌላ ቀን ከተተኮሰ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ሱቅ ውስጥ አይታይም፤ ከተነጠፈ በኋላ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ይታያል። ስለዚህ ሁሉም ካርቶን አንድ ቁጥር መሆኑን ሳታዩ መኪና ላይ አታስጭኑ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ክፍሉ 4 በ3.5 ሜትር ከሆነ 14 ካሬ ነው። ለቁርጥና ለስብራት አሥር በመቶ ጨምሩ፤ 15.4 ይሆናል። 60 በ60 የሆነ ሰሌዳ አራት በካርቶን ከሆነ አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። 11 ካርቶን ትገዛላችሁ። አሥራ ሁለተኛውን ለምን እንደምጨምር በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ስለ ሌሊቱ ስልክ። አንድ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ቤቱን የሠራሁለት እኔ አልነበርኩም፤ ቁጥሬን ያገኘው ከጎረቤቱ ነው። «ሳሎናችን ውስጥ ጥይት የተተኮሰ መሰለን» አለኝ። ልጆቹ እያለቀሱ ነበር። ጠዋት ስሄድ መሐል ወለሉ ላይ ሁለት ረድፍ ሴራሚክ ግንባር ለግንባር ተጋፍቶ እንደ ድንኳን ቆሟል።

ሴራሚኩ ምንም አላጠፋም። ሠራተኛው ሰሌዳዎቹን ያለ ክፍተት አጠጋግቶ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥሮ ነበር ያነጠፋቸው። ሰፊው መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያስገባል። ቀን ይሞቃል፣ ይለጠጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥር ያለው ሲሚንቶ ይኮማተራል። መሄጃ የሌለው ነገር ወደ ላይ ይነሳል። በዚያ ላይ ሞርታሩ የተደረገው አራት ጥግና መሐል ላይ እንደ እንጎቻ ተጠፍጥፎ ነው። ሰሌዳው ቢገለበጥ ከግማሽ በላይ ጀርባው ንጹሕ ነበር፤ ምንም አልነካውም።

መከላከያው ቀላል ነው። በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ፉጋ የምንለው፣ ይኑር። ግድግዳው ጥግ ከአምስት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ባዶ ይተው፤ ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ኮላው ወይም ሞርታሩ በሙሉ ይቀባ፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባለው ብረት ተስቦ። ሥራውን ስትረከቡ የብር ሳንቲም ያዙና እያንዳንዱን ሰሌዳ መሐሉንና አራት ጥጉን መታ መታ አድርጉ። የሞላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከበሮ የሆነውን ምልክት አድርጉበትና ሳይከፈል በፊት እንዲነሳ ጠይቁ። ይህ ነገረኛነት አይደለም። መብታችሁ ነው።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሴራሚክ ድምፅ አይውጥም። እናንተ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ስትወቅጡ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሕፃን ይነቃል። ሙቀጫው ሥር አራት የታጠፈ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ቁራጭ የመኪና ጎማ አድርጉ። ሴራሚኩም አይሰነጠቅ፣ ጉርብትናውም አይሻክር።

እንጨትና እንጨት መሳዩ

እንጨት ሞቷል ብላችሁ አታስቡ። ተቆርጦ፣ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም ይተነፍሳል። አየሩ ሲረጥብ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠብባል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር ዑደት ነው። በጥርና በየካቲት ፓርኬው መካከል ቀጭን ክፍተት ይከፈታል። በሐምሌ ተመልሶ ይዘጋል። ሰዎች ክፍተቱን አይተው ይደነግጡና በመጋቢት ስቱኮ ያስሞሉታል። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ቦታውን ይጠይቃል። ስቱኮው ተጨፍልቆ ይወጣል፣ ባስ ሲልም ፓርኬው ይነሳል። የሳንቲም ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ከሆነ ተዉት፤ ክረምቱ ይዘጋዋል።

እውነተኛ ፓርኬ ትልቁ ጥቅሙ መታደስ መቻሉ ነው። ሲቧጨርና ሲደበዝዝ በማሽን ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ከአሥርና ሃያ ዓመት በኋላም አዲስ መሆን ይችላል። ፒያሳ አካባቢ ያሉ የቆዩ ቤቶች የጣውላ ወለል እስከ ዛሬ የቆመው ለዚህ ነው። ደግሞ እነዚያ ግንበኞች ብልሆች ነበሩ። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገው ድንጋይ መሠረት ላይ አሳረፉት። ከሥር አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ተዉለት። ዛሬ ያን ቀዳዳ «አይጥ ይገባበታል» ብሎ በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው ወለሉን እያፈነው ነው። ወንፊት ሽቦ ቢያደርግበት ይበቃዋል።

ላሚኔት ሌላ ነገር ነው። ላዩ የእንጨት ፎቶግራፍ ነው። በፎቶው ላይ ጠንካራ ግልጽ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው። «ኤሲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መፋቅን የመቋቋም ደረጃው ነው፤ ለቤት 3 ወይም 4 ጥሩ ነው። መልኩ ያምራል፣ ለእግር አይቀዘቅዝም፣ በሁለት ቀን ይነጠፋል። ጠላቱ ውሃ ነው። በመጋጠሚያው ውሃ ከገባ ዱቄቱ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ተልጎም አይታደስም፤ ቢላጉት ፎቶው ነው የሚላጠው። ከመነጠፉ በፊት ካርቶኑን ሳትከፍቱ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድሩት፤ የቤቱን አየር ይልመድ። በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተውለት።

አንዲት እናት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው። ገንዘብ ልከው፣ ፎቶ መርጠው፣ ሳሎኑን ሙሉ ላሚኔት አስነጠፉላቸው። ልጆቹ እዚያ አፓርታማቸው ውስጥ ያው ወለል አለ፤ ወደውታል፤ ለእናታቸውም ተመኙላቸው። እዚያ ግን ከሰል የለም፣ ቄጠማም የለም። ፋሲካ መጣ። እማማ እንደ ወጉ ቄጠማቸውን ጎዘጎዙ፤ ሁለት ቀን አደረ። ሲጠረግ መጋጠሚያው ሁሉ እንደ ታመመ ድድ አብጧል። ረከቦቱ አጠገብ ደግሞ ፍም የወደቀባቸው ሦስት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ያለ ቄጠማ በዓል አይሆንልኝም» አሉኝ። ድምፃቸው የጥፋተኛ ሰው ድምፅ ነበር። ያ ነው ልቤን የነካው። እሳቸው ምን አጠፉ? ወለሉ ነው ለእሳቸው ያልተመረጠው። ሁሉንም ማንሳት አላስፈለገም። በመስኮቱ በኩል ሁለት በሁለት ሜትር ቆርጠን አነሳን። ቦታውን ከላሚኔቱ ጋር እኩል አድርገን ፖርስሊን አነጠፍን። መጋጠሚያው ላይ ስስ የአሉሚኒየም መስመር አሰርን። አሁን ቡናው፣ ከሰሉ፣ ቄጠማው እዚያ ነው። ቀሪው ሳሎን ለእግራቸው ሞቃት ሆኖ ቀረ። አንድ ቤት አንድ ወለል ብቻ ይኑረው ያለው ማን ነው?

ኤስፒሲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። እንጨት ይመስላል፣ ውሃ አያሳብጠውም፤ ለኩሽናና ለልጆች ክፍል ጥሩ ነው። የላይኛው መከላከያ ሽፋን ለቤት 0.3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ፍም ግን ያቀልጠዋል። በጥቅል የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍም እንዲሁ። ሁለቱም ላይ ጀርባው ጎማ የሆነ የእግር መጥረጊያ አታኑሩ። ከጎማው የሚወጣ ኬሚካል ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ቢጫ ያደርገዋል፤ በምንም አይለቅም። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት ለገዛችሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት የተነጠፉ፣ በተለይ 9 በ9 ኢንች የሆኑ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለባቸው። ሳታስመረምሩ አትፈልፍሏቸው፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

እምነ በረድን በአጭሩ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝና ከትግራይ የሚወጣው የአገራችን እምነ በረድ ውብ ነው። ግን በባሕርዩ የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፤ አሲድ ይበላዋል። አንድ የሎሚ ጠብታ ስታርፍበት የሚቀረው ደብዛዛ ነጥብ ቆሻሻ ስላልሆነ በማሸት አይለቅም። ድንጋዩ ተበልቷል። ለኩሽና ግራናይት ይሻላል። ሞኬት ደግሞ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚነጠፈው፣ በአቧራው ምክንያት የማልመክረው ነው። አስም ያለበት ልጅ ካለማ ጨርሶ ይቅር። ተነስቶ የሚራገፍና ፀሐይ የሚሰጥ ምንጣፍ ይበልጣል።

ጽዳቱ

ወለልን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አሸዋ ነው። ጫማ ይዞት የገባው ደቃቅ አሸዋ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠረግ፣ ከዚያ ይወልወል። ሳይጠረግ መወልወል አሸዋውን በውሃ ይዞ መፈግፈግ ነው። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙናው፣ አንዱ መወልወያው የሚታጠብበት። በአንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ ከሦስተኛው ማጥለቅ በኋላ የምትቀቡት ጭቃ ነው።

እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን «ስፖንጃ» የሚሉት አለ። ውሃ በባልዲ ወለሉ ላይ ይደፋና በጎማ መጥረጊያ ይገፋል። ለእነሱ «ባላጣ» ለሚሉት የድንጋይ ሰሌዳ ይሆናል። ለሊሾም፣ ለሴራሚክም ይሆናል። ለፓርኬና ለላሚኔት ግን መወልወያው ተጨምቆ፣ ተጨምቆ፣ ጠብታ የማይወጣው ሲሆን ብቻ ነው። ካለፋችሁበት በኋላ ከአንድ ደቂቃ በላይ እርጥብ ሆኖ ከታየ ውሃው በዝቷል።

ሰም ለሊሾና ለቆየ ጣውላ ነው። ዘመናዊ ቫርኒሽ የተቀባ ፓርኬ ላይ ሰም አትቀቡ። በኋላ ማደስ ስትፈልጉ አዲሱ ቫርኒሽ ሰሙን አልፎ አይያዝም። ሴራሚክ ላይ ደግሞ ማንሸራተቻ ይሆናል። የጧፍ ሰም ከተንጠባጠበ በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡበት፤ ሲደርቅ በፕላስቲክ ካርድ ብድግ ይላል። ፉጋ ላይ የፈሰሰ ቀይ ወጥ ወዲያው በላርጎና በሞቀ ውሃ ይለቃል። ካደረ ግን ዘይቱ ይዞት ይገባል።

አሁን የምለውን ግን እባካችሁ ቆም ብላችሁ አንብቡ። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ አይቀላቀሉም። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር መሣሪያ የነበረው ጋዝ ነው። በሩ በተዘጋ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ መርዝ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ወለል የምታጸዳ ሠራተኛ ካለች ይህን ቁጭ ብላችሁ ንገሯት። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ላትችል ትችላለች፤ «ሁለቱን ብደባልቅ ይበልጥ ይነጣል» ብላ ታስባለች። ሁለቱን ጠርሙስ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። አሲዱ ራሱ ለወለል አይሆንም፤ የፉጋውን ሲሚንቶ እየበላ ያሳሳዋል።

ወለል ስትመርጡም እሷን አስቧት። ነጭ፣ አንጸባራቂ፣ የአንድ ሰው ዱካ የሚታይበት ወለል በቀን ሦስት ጊዜ ይወለወላል። የሚንበረከከው የእሷ ጉልበት ነው። ግራጫ ወይም አሸዋማ መልክ ያለው፣ ደብዘዝ ያለ ፖርስሊን ግን አቧራውን ይሸከማል፤ ቤቱም ያምራል።

አሥራ ሁለተኛው ካርቶን ቀረ። ሴራሚክ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሞዴል፣ ያው ቀለም ሆኖ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ሰሌዳ ማንሳት ቢያስፈልግ መላ ሳሎኑን ልትቀይሩ ነው። አንድ ካርቶን ሳይከፈት ይቀመጥ፤ ቁጥሩም ይጻፍ። እማማ ካርቶናቸውን አልጋ ሥር አስገብተውታል። ቁጥሩን ደግሞ የልጆቻቸው የልደት ቀን በተጻፈበት የዳዊታቸው መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከታናሽየዋ ስም በታች ጽፈውታል።